ቆጥ ላይ የተሰየመ ችሎት

ትናንት ሌሊት፣ ደግ ያድርግልኝና፣ ሕልም አየሁ። በሕልሜ ሁለት እግሬን በገመድ ታስሬ፣ ጭንቅላቴ ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ አንዲት ዶሮ ከገበያ ወደ ቤቷ ይዛኝ ትሄዳለች። ለእንቁጣጣሽ መታረዴ ነው። መንገድ ላይ ያገኘቻት ጎረቤቷ ጭኔን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችና፣ «እቴ፣ ይሄ እኮ አጥንት ብቻ ነው!» አለቻት።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ዘንድሮ ሰው ተወዷል» አለች የኔዋ።

ተናደድኩ። ስድሳ ስምንት ኪሎ ነኝ እኮ!

ጓሮዋ ስንደርስ ግን፣ በዶሮ ሕግ ሰው ያለ ፍርድ አይታረድም ተባለ። ሰባት አውራ ዶሮዎች ቆጥ ላይ ተሰይመው ይጠብቁኝ ነበር። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና መዝገብ ገለጠ።

«አቶ ይርዳው፣ ከጎረቤትህ ከመምህር ጓንጉል ጋር ስትከራከር፣ ‹የገደለ ይገደል፣ ገመዱን ለኔ ስጡኝ› ብለሃል?»

«ብያለሁ ጌታዬ፤ ግን ስለ ነፍሰ ገዳይ ነበር።»

«በየአውዳመቱ ስንት ዶሮ አርደሃል?»

ወይ ጉድ! ተዘቅዝቄ ስለነበር ላቤ ከአገጬ ተነስቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አንድ ገብስማ ዶሮ ክንፉን አራግፎ ተነሳ። «ይታረድ! ለሌላው መቀጣጫ ይሁን!»

«እሺ፣ ቢላውን አንተ ትይዛለህ?» አለው ሰብሳቢው።

«እኔ? እኔማ ደም ሳይ ያዞረኛል።»

«ደግሞ የምን መቀጣጫ?» አለ ከጎኑ የነበረው ወሰራ ዶሮ። «አያቴ ያለ ሰዓቱ ጮኸ ተብሎ ታረደ። አባቴም እንደዚሁ። እኔ ግን ይኸው እጮሃለሁ!» ብሎ እዚያው በጠራራ ፀሐይ ኩኩሉ አለ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስቱ ይታረድ፣ ሦስቱ ይማር አሉ። ነፍሴ በአንድ ዶሮ አፍ ላይ ቀረች። ሰባተኛው ቀና ሲል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለቤቴ ባንቺአምላክ ለበዓል ገዝታ ጓሯችን ያሰረችው ቀዩ ዶሮ! በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ነገ ጠዋት እኔን የሚያርደኝ ይሄ ሰውዬ ነው» አለ ቀዩ። «ቢሆንም አይታረድ። ብንሳሳትስ? የተቆረጠ አንገት ተመልሶ አይሰፋም።»

እንባዬ ግንባሬ ላይ ፈሰሰ። «ወንድሜ! ከእንግዲህ ቢላ አላነሳብህም!»

«ማልልኝ።»

«ባንቺአምላክ ትሙት!»

ቆጡ በሳቅ ተናወጠ። «ኧረ ይሄ ሰው! ምሕረት አግኝቶም አፉ ላይ ያለው ሞት ነው» አለ ሰብሳቢውና ገመዴን ፈታው። በጭንቅላቴ ወደቅሁ።

ስነቃ ከአልጋ ወድቄያለሁ። ባንቺአምላክ ቢላ ይዛ በላዬ ቆማለች።

«ተነስ እንጂ! ዶሮው ይታረድ፣ ሽንኩርቱ እያረረ ነው!»

«አላርድም። ምያለሁ።»

«በማን?»

«ባንቺ ሞት።»

ቢላውን ዝቅ አደረገች። በኛ ቤት ዶሮ ማረድ የወንድ ሥራ ነው፤ በራሷ ሞት ደግሞ አትቀልድም። ወደ አጥሩ ሄዳ፣ «መምህር፣ እባክዎ እስቲ ብቅ ይበሉ፣ የሚያርድልኝ አጣሁ!» ብላ ተጣራች። ትናንት ማታ «የሰው እጅ ነፍስ ለማጥፋት አልተፈጠረም» ሲሉኝ ያመሹት መምህር ጓንጉል፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ መጡ።

ቀዩ ዶሮ አየኝ። እኔም አየሁት። አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ ገባኝና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ባንቺአምላክ» አልኩ፣ «ፈረሰኛው ግን የኔ ነው!»