የሊቀ ማርሽ ዋይስ ግራ እግር

ሙቀት የሌለበት ሰፈር ድሬ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ የማርሽ ሊቅ የሌለበት ግን አይገኝም። ለእኛ ለሳቢያን ሰፈር ልጆች የደረሱን ሊቀ ማርሽ ዋይስ ናቸው። ድሬ አንቱታ ብዙም አያውቅም፤ እኔ ግን ለእኚህ ሰው ስል፣ ቢያንስ በጽሑፍ፣ ተምሬያለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሰውበት ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ሱሀይራ ኦቶማቲክ ቪትዝ ገዛችላቸው። መከራችን ያኔ ጀመረ።

«ይሄ መኪና አይደለም አቦ! ፍሪጅ ነው» ይላሉ። ይላሉ እንጂ ከፍሪጁ አይወርዱም።

የማቆሚያውን «ፒ»ን መኪናው ገና እየተንከባለለ ነው የሚያስገቡት፤ ሲንቋቋ «እየተንጠራራ ነው» ይላሉ። ቁልቁለት ሲያዩ ማርሹን ለቀው ወደ «ኤን»፣ በእሳቸው አነጋገር ወደ ፎሌ። «ቁልቁለት አላህ የሰጠን ቤንዚን ነው!» ዝግተኛዋን «ኤል»ን ግን ነክተዋት አያውቁም። «ኤል የፈሪ ናት!» ባጃጅ የሚነዳው ቀመር አንድ ቀን «ቁልቁለት ላይ እኮ በኤል ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል» ቢላቸው፣ «ዋሪያ! በሦስት እግር እየሄድክ ማርሽ ታስተምረኛለህ?» ብለው አባረሩት።

የባሰው ግራ እግራቸው ነው። መኪናው ፍሪሲዮን እንደሌለው ለራሳቸው ተነግሯቸዋል፤ ለግራ እግራቸው የነገረው ግን የለም። ፍሪሲዮን መስሎት ፍሬኑን ድርግም ያደርገዋል፣ እኛም በግንባራችን ዳሽቦርዱን እንገጫለን። ግንባሬ ላይ ያለውን ምልክት የስግደት ነው ብለው የሚያከብሩኝ አሉ። የዋይስ ዳሽቦርድ ነው።

ባለፈው እናቴ መሪያም ሐረር ላይ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ «ስፌቱ ገና ነው፤ ከተናጠች ዓይኗን ልታጣው ትችላለች» አለኝ። ሊወስደን የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊቀ ማርሽ! ከፊታችን ደግሞ ወደ ድሬ የሚያወርደው ያ የደንገጎ ቁልቁለት። ሌላ መኪና ልፈልግ ስል እናቴ ገብታ ተደላድላለች።

«ወላሂ ዋይስ፣ አንዴ ብትንጣት ዓይንህን አላይም!» አልኳቸው።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አቆሙ። ግራ ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን በርጫ ላይ ጫት እንደሚቅም ሰው አጥፈው ተቀመጡበት። ከዚያ ማርሹን ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው ሳቡት። ኤል!

ተሳቢዎች ጡሩምባ እየነፉ አለፉን። አንዱ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «ንዳው እንጂ አንተ ፈሪ!» አላቸው። የጅቡቲው አንበሳ መሪውን ጨብጠው ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሳቢያን ደርሰን ሊወርዱ በሩን ሲከፍቱ እግራቸው ደንዝዞ ኖሮ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። እዚያው እንደተቀመጡ «ሆዮ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?» ብለው እናቴን ጠየቋት።

ደህና ነበር።

በማግስቱ ሱቅ ደጃፍ ሰው ሰብስበው «ኤል የፈሪ ናት አቦ!» ይላሉ። ሲያዩኝ ድምፃቸው ቀነሰ።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «ትናንት ደንገጎን በፎሌ ነው ያወረደን።»