ላቲኖች ደጄ ላይ ተሰልፈው

ትናንት ሌሊት ላቲኖች ደጄ ላይ ተሰልፈው አየሁ። በሕልሜ ነው።

ላቲን የሚባል ሕዝብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የልጅ ልጄ ምንታምር ግን ሰሞኑን ሌላ ወሬ የላትም። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ መምህር ገረመው ከላቲን ቋንቋ የመጡ ስድሳ የቃል ሥሮች በወረቀት አባዝቶ ሰጥቷቸዋል። አንድ ሥር የያዘ ልጅ ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል ሳያጠና ያውቃል ይላል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። እሷም ጠዋት ማታ “ፖርት፣ መሸከም። ስክሪብ፣ መጻፍ” ትላለች። ትናንት ማታ የቋንቋው ባለቤቶች የት አገር እንደሚኖሩ ጠየቅኋት።

“የትም አይኖሩም አባባ። ቋንቋው ከሞተ ቆይቷል” አለችኝ።

ይህን ሰምቼ ተኛሁ።

በሕልሜ ሰልፉ ከደጄ ተነስቶ እስከ ወንዙ ይደርሳል። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ላቲኖቹ ነጭ ጋቢ የመሰለ ነገር ያጣፉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለቅሶ የመጡ ይመስላሉ። ፊት የቆመውን ጠየቅሁት።

“ምን ፈልጋችሁ ነው?”

“ሥር ፍለጋ” አለኝ።

“የራሳችሁ አላችሁ አይደል? ልጄ እያጠናችው ነው።”

“የኛ ተወስዶ አለቀ። አሁን ያላቸው እነሱ ናቸው ብለው ወደናንተ ላኩን።”

እናንተ ያለው እኔንና እህቴን ትርንጎን ነው። የወንዛችንን ቋንቋ የሚያውቅ ከሁለታችን በቀር አልቀረም። ትርንጎ ታላቄ ናት። ግማሽ ሰውነቷ ደርቆ አልጋ ላይ ከዋለች፣ ምላሷም ከተሳሰረ ስምንት ወሯ ነው። እኔ ዘንድ ነው የተኛችው። ጠዋት ጠዋት ራስጌዋ ቆሜ በቋንቋችን “እንደምን አደርሽ” እላታለሁ። ዓይኗን ትከፍታለች እንጂ አትመልስም። እስክትመልስ እጠብቃለሁ። ሌላ የምጠብቀው ነገር የለኝም።

በሕልሜ ግን ትርንጎ በእግሯ ቆማ፣ በትር ይዛ ሰልፉን ታስተካክላለች።

“አንተ ሽማግሌ፣ አትጋፋ። ለሁሉም ይደርሳል” ትላለች በቋንቋችን። ላቲኑም ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል።

ከዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበርን። እንዴት እንደደረስን አላውቅም። ወንበሮቹ ጣራው ላይ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ቁልቁል እያዩ ይጽፋሉ። የወረዳው ሹም ማመልከቻ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

“አባቴ፣ ዛሬ ካልተመቸዎት ነገ እመለሳለሁ” አለኝ።

“ነገም ስብሰባ አለብኝ” አልኩት። እጅ ነስቶ ሄደ።

መምህር ገረመው ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። አንገቱ ላይ ጣውላ ተንጠልጥሏል። ጣውላውን አወቅሁት። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ ደወል እስኪደወል ያንጠለጥለው ነበር። ከኔ አንገት የወረደበት ቀን ጥቂት ነው። ትምህርቱንም ያቆምኩት በእሱ ነው።

“አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?” አልኩት።

“እንግሊዝኛ ስናገር ተሰማሁ” አለ ቀስ ብሎ። “ዝቅ አድርገው ይናገሩ፣ ይሰሙናል።”

ፈታኙ ገባ። አህያዬ ነበር። መነጽር አድርጓል፣ ጀርባው ላይ የጭነቱ ቁስል አለ። ሁሉም ብድግ አለ። እኔም ብድግ አልኩ። አህያው ቋንቋችንን ማወቁ አልገረመኝም፤ በውኑም ያውቃል። ከትርንጎ ሌላ በዚያ ቋንቋ የማናግረው እሱን ብቻ ነው። ሂድ ስለው ይሄዳል፤ ቁም ስለው ይቆማል። ልጆቼ ይህን አያውቁም።

“አያ መኩሪያው፣ ስድሳ ቃል ይቁጠሩ” አለኝ። “አንድ ከጎደለ ቋንቋው ይዘጋል።”

“ከተዘጋስ?”

“ተዘጋ ነዋ። በዚያው ነው።”

ውሃ አልኩ፣ በቋንቋችን። ፊት የቆመው ላቲን ቃሉን ተቀብሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረና ሄደ። እሳት አልኩ። ሁለተኛው ቋጥሮ ሄደ። ድንጋይ፣ ማር፣ ጉልበት፣ ማዶ። የሰጠሁት ቃል ተመልሶ አፌ ላይ አይገኝም። ውሃን ደግሜ ልለው ሞከርኩ፤ ሄዷል። አርባ ላይ ስደርስ መንተባተብ ጀመርኩ።

“መሸከም” አለ አህያው።

ጀርባው ላይ ያለውን ቁስል አየሁ።

“እሱን እንኳ እኔ ልመልስልዎ” አለና መለሰው። ላቲኖቹ ሳቁ።

ትርንጎ ከበሩ ላይ በሹክሹክታ ትነግረኝ ጀመር። እሷ ትለኛለች፣ እኔ እደግማለሁ፣ እነሱ ይቋጥራሉ። ሃምሳ ዘጠኝ ደረሰ።

“የመጨረሻው” አለ አህያው። “ልጅን ምን ትሉታላችሁ?”

አላገኘሁትም። እናቴ በዚያ ቃል ስትጠራኝ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን የለም። አህያው መነጽሩን አወለቀ።

“ስንት ልጅ ወለዱ?”

“አራት።”

“በምን ቋንቋ አሳደጓቸው?”

“በአማርኛ።”

“ጣውላውን ማን ሰቀለባቸው?”

“ማንም። በቤቴ ጣውላ አልነበረም።”

“ታዲያ?”

“እንዳይሰቀልባቸው ብዬ ነው። ከትርንጎ ጋር ስናወራ እንኳ ሲገቡ ዝም እንል ነበር።”

ላቲኖቹ መሳቅ አቆሙ። አንዱ፣ ከሁሉም ያረጀው፣ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

“የኛም ሲጀምር እንዲሁ ነበር” አለኝ።

“እናንተስ ትምህርት ቤት ገብታችኋል” አልኩት። “ልጄ ጠዋት ማታ ትጠራችኋለች። አንድ ቋንቋ ከሞተ በስንት ዓመቱ ነው ትምህርት ቤት የሚያስገቡት?”

አሰበ። ጣቶቹን ቆጠረ።

“ተጽፏል?” አለኝ።

“አልተጻፈም።”

“እንግዲያው አይገባም” አለ። ተነስቶ ጋቢውን አራገፈ።

አህያው ቁልፍ አወጣ። ትልቅ የመጋዘን ቁልፍ ነው። ጣራው ላይ ያሉት ተማሪዎች እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጥግ የቆመው መምህር ገረመው እያለቀሰ ነበር፤ ስለ ማን እንደሆነ አላወቅሁም።

“ቆይ” አለች ትርንጎ ከበሩ። “እኔ አውቀዋለሁ።”

በትሯን ጣለች። ሰዎቹን እየገፋች መጣች። ፊቴ ቆማ አፏን ከፈተች።

“ሞርት፣ ሞት። ቮክ፣ ድምፅ።”

የምንታምር ድምፅ ነበር። ነግቷል። ወረቀቷን ይዛ በሩ ሥር ተቀምጣ ታጠናለች። ከመደቡ ወረድኩ። የሰጠኋቸውን ቃላት ፈተንኩ፤ ውሃ አለ፣ እሳት አለ፣ ማዶም አለ። ልጅ የሚለው ብቻ በውኔም አልመጣልኝም። ትርንጎ ግን ታውቀዋለች። ትርንጎ የማታውቀው ቃል አልነበረም።

ራስጌዋ ቆምኩ። በቋንቋችን “እንደምን አደርሽ” አልኳት።

ዓይኗን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ስምንት ወር የጠበቅሁት ነው፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እሷ ግን በኔ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ምንታምር አየች። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣

“ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ምን እያለ ነው?” አለች።

“እኔ እንጃ፣ እማማ ትርንጎ” አለች ምንታምር። ወረቀቱን ጥላ ተነሳች፤ ፊቷ በርቷል። “አባባ፣ ተናገረች እኮ። ሰምተሃታል?”

“ሰምቻለሁ” አልኩ።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። አህያው እንደታሰረ ነው። ሂድና ቁም እንጂ ሌላ ነገር ብዬው አላውቅም ነበር። በቋንቋችን “እንደምን አደርክ” አልኩት።

ጆሮውን አቆመ።