አራት ሰው፣ አምስት ወፍ

እኛ አገር መርዶ እንኳ እንደ ዘበት አይነገርም። ሟች የሞተው ትናንት ከሰዓት ቢሆንም፣ ዘመድ ተሰብስቦ ማን ይናገር፣ በስንት ሰዓት ይነገር፣ የሟች ልጅ እህል ቀምሳለች ወይ ተባብሎ ተመካክሮ፣ ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚንኳኳው። እንግዲህ እውነተኛ ሞት በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በሚነገርበት አገር፣ የጨዋታ ውስጥ ሟችን ማን እንደገደለው ሳይጠየቅ የሚዘረግፍ ሰው ምን ይባላል? እኔ ስም አላገኘሁለትም። ለሌላው ነገር ሁሉ ስምም ማብራሪያም አለኝ፤ ጓደኞቼ የሚጠሉብኝም ይህንኑ ነው።

ጨዋታ ስል ኳስ የመሰላችሁ ቆዩኝ። ይሄኛው የችሎት ጨዋታ ነው፤ በቴሌቪዥን፣ በጆይስቲክ የሚጫወቱት። እናንተ ጠበቃ ናችሁ። ሰው ተገድሏል፣ ያልገደለ ሰው ተከስሷል፣ ምስክር እየመጣ ይዋሻል። ሥራችሁ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈተሹ ውሸቱ የተደበቀበትን ማግኘትና ማስረጃውን ፊቱ ላይ ማስቀመጥ ነው። እስካሁን አምስት ክፍል ወጥቷል። ትክክለኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ "ወንበሩ" እንለዋለን። በዚያ ችሎት ለሟች ባዶ ወንበር ይቀመጥለታላ! አንድ ውሸት በተጋለጠ ቁጥር ወንበሩ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ገዳዩ ይዞራል። ሙዚቃ የለም፤ የእንጨት ሲጥታ ብቻ። መጀመሪያ የዞረ ቀን ሰኢድ ጆይስቲኩን ወርውሮ "አኡዙ ቢላህ" ብሎ ተነስቷል። እኔም ተነስቻለሁ፤ ግን እኔ የተነሳሁት ሻይ ለመቅዳት ነው።

የምንሰበሰበው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሆጤ ሰፈር፣ ሰኢድ ጌም ቤት ነው። አራት ነን። ሰኢድ ባለቤቱ ነው። ዘይነብ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቅድመ አያቷ ከየመን ሲመጣ ይዞ የመጣው ክንድና ምላስ ብቻ ነበር ይባላል፣ ምላሱ ለሷ ደርሷታል። ውሸት የተማረችውም ከሱቅ ነው፤ "እዚያ ማዶ በግማሹ አየሁት" የሚል ገዥ ሲሰለፍባት ነው ያደገችው። አንዋር ኮምቦልቻ ጋራዥ ይሠራል፤ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል። አራተኛው እኔ ይመር ነኝ፤ ስልክ እጠግናለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ይኸው ጨዋታና ሽፋኑ የወለቀ አንድ መዝገበ ቃላት ስለሆኑ አስተርጓሚውም እኔ ነኝ።

ክርክራችንን የሰማ መንገደኛ የርስት ክርክር ይመስለዋል። ዘይነብ አራተኛውን ክፍል ከቁጥር አታስገባውም፤ ጠበቃውን የቀየሩት እኛን ሳያማክሩ ነው ትላለች። አንዋር ሦስተኛውን የሚያክል የለም ባይ ነው፤ ለምን ቢባል ገዳዩ የተያዘው በባቡር ፍሬን ሸራ ነው። ሰኢድ ሁለተኛውን የሚወደው አጭር ስለሆነ ነው። የኔን አልነግራችሁም፤ ከጀመርኩ አላቆምም።

የሰዎቹ ስም ለምላስ ስለሚያስቸግር የወሎ ስም አወጣሁላቸው። የመርከቡ ካፒቴን አበጋዝ ሆነ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ መበለት እትዬ ዘምዘም። ባዶውን ወንበር ተሸክሞ የሚያመጣውን ሽማግሌ ችሎት አስከባሪ ሙሄ አልነው። ሙሄ በአምስቱ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። ወንበሩን ያስቀምጣል፣ በእጅጌው አቧራውን ይጠርጋል፣ ይወጣል። ሁላችንም እንወደዋለን። እንደውም እሱን አይተን እኛም መስኮቱ ሥር አንድ ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ማስቀመጥ ጀምረናል። ለቀልድ ነው።

ሕጋችን አንድ ነው፦ ማንም ለብቻው ወደፊት አይሄድም። የቀደመ ከማኅበሩ ይወጣል።

አምስተኛውን ክፍል የጀመርነው ሐምሌ ሲገባ ነው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፋችሁ ላይ ይቆማል፤ በር ከከፈታችሁለት ይገባል። ቤት ውስጥ ሻይ ሲፈላ መስታወቱ ያልበዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ባላበው መስኮት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በጣት "አበጋዝ" ተብሎ ተጽፎ አገኘን። ሳቅን። ከሦስት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ወንበሩ ሲጥ ብሎ ወደ አበጋዝ ዞረ። በሁለተኛው ቅዳሜ "ዘምዘም" ይላል። እትዬ ዘምዘም ማለት ችሎት ላይ ስታለቅስ ዘይነብን ያስለቀሰች ሴት ናት። ገዳይዋ እሷ ሆነች። በሦስተኛው ቅዳሜ "ሐኪሙ" የሚለውን ስናይ ማንም አልሳቀም። ሰኢድ ዋዜማውን መስታወቱን በጨርቅ ወልውሎ፣ በሩን በቁልፍ ቆልፎ ነበር የሄደው።

እስቲ እንደ ጠበቃ አስቡ። ስሞቹን ያወጣናቸው እኛ ነን፤ ከኢንተርኔት አይገኙም። ስለዚህ ጸሐፊው ከአራታችን አንዱ ነው። ከአራታችን ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? በሩ ሲከፈት አጠገቡ የሚገኘው ማነው? መስታወት የማያልበው አገር ኖሮ፣ ያላበ መስታወት ሲያይ ጣቱን የሚበላውስ? ይህን ሁሉ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ተናገርኩ። አንዋር ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየን፤ የጋራዥ ግራሶ ጥፍሩ ሥር ድረስ ገብቷል፣ በዚህ ጣት ብጽፍ መስታወቱ አይጠቁርም ወይ አለ። ጥሩ ክርክር ነበር። እኔ ግን ሳሙና የሚባል ነገር እንዳለ አስታወስኩት።

"ከዚህ ካስወጣችሁኝ" አለ አንዋር፣ "ይሄን ነገር ከማን ጋር ላወራው ነው? ከጎማ ጋር?"

እውነቱን ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሱ በቀር ወንበሩን የሚያውቅ ሰው የለም። ሳምንቱን ሙሉ የሚናገረው ሰው ሳያገኝ ከርሞ፣ ቅዳሜ ከሚኒባሱ ሳይወርድ ማውራት ይጀምራል።

የሰኢድ አያት ሐጂ ይማም ከቦሩ ሜዳ ወርደው ልጃቸው ቤት ሰንብተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱ ጥግ ሻይ ይዘው መስበሃቸውን ይቆጥራሉ። በአራተኛው ቅዳሜ መስታወቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የመጨረሻውን ችሎት ልንጀምር ስንል ጭቅጭቃችን ሰለቻቸው መሰለኝ፣ በኛ ጊዜ በሬ ሲጠፋ እንዲህ አንጯጯህም፣ አውጫጭኝ እንቀመጥ ነበር አሉ።

አውጫጭኝን ለማታውቁ ላብራራ፤ አጭር ነው። አገሬው ይሰበሰባል፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ለሽማግሌ የሚያውቀውን በጆሮ ይናገራል። ሽማግሌው ማን እንደተናገረ አይገልጥም። "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ የተባለውን ብቻ ያወጣል። ይህ ከጨዋታው ችሎት ጋር ፈጽሞ ይቃረናል፤ እዚያ ምስክር ካልታየና ካልተፋጠጠ ቃሉ ዋጋ የለውም። ይህንን ለሐጂ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አንድ ዶቃ ቆጠሩ።

ሐጂ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በፎጣቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ዞሬ አላይም፣ አልጠይቅም፣ ለአንድ ወፍ አንድ ዶቃ እጥላለሁ አሉ። መጀመሪያ ሰኢድ ገባ። ቀጥሎ ዘይነብ። ቀጥሎ እኔ፤ ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ ብዬ "አንዋር ነው" አልኩ። በመጨረሻ አንዋር ገብቶ ወጣ። አራታችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን ጠበቅን። ሐጂ አልወጡም። ሻይ ቀዘቀዘ። አሁንም አልወጡም። ሰኢድ ሊጣራ አፉን ሲከፍት መጋረጃው ተገለጠ።

"ወፏ አምስት ጊዜ መጣች" አሉ።

ሰኢድ አራት ነን እኮ አባባ አላቸው። ሐጂ መስበሃውን ዘርግተው አሳዩት፤ አምስት ዶቃ ወዲህ፣ የቀረው ወዲያ። ሁለቱ አንዋር ነው አሉ፣ አንዷ አላውቅም አለች፣ አንዷ ወላሂ እኔ አይደለሁም አለች።

"አምስተኛዋ ደግሞ ሙሄ ነው አለችኝ። ሙሄ ማነው? የማን ልጅ ነው?" ከዚያ ጆሯቸውን በመዳፋቸው አሹት። "የሌሎቻችሁ ትንፋሽ ይሞቅ ነበር። የሷ አልሞቀኝም።"

እኔ ወዲያው ማብራሪያ ፈለግሁ፤ ዕቃ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ተከናንበዋል። ዘይነብ ግን የነጋዴ ልጅ ናት፤ ሒሳቡን ጨረሰችው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ በሁለተኛው የመጨረሻውን ገዳይ ሹክ ብሏል። መጨረሻ የገባው አንዋር ነው፤ እዚያው ቆሞ ሁለቴ ቢናገር ማን ያየዋል? ስለዚህ አሁኑኑ እንጫወት አለች። ሙሄ ካልገደለ ቀልድ ነው፣ ይቀራል። ሙሄ ከገደለ አንዋር ቀድሞናል፣ ይወጣል።

አንዋር ፊቱ በራ። "እሺ፣ ይሁን" አለ። "ሙሄ ሰው አይገድልም።"

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ረስቼ አይደለም። አምስተኛውን ክፍል ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቄ ቁጭ ብዬ በስልኬ ጨርሼዋለሁ። ለመቅደም ብዬ እንዳይመስላችሁ! አንድ ቅዳሜ ዘይነብ የአንድ ቃል ትርጉም ጠይቃኝ አላውቀውም ነበር፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተዘጋጅቼ ለመምጣት ነው የጨረስኩት። ሙሄ ደግሞ ገድሏል። ወንበሩ መጨረሻ ላይ ሲጥ እያለ፣ ሲጥ እያለ፣ ዞሮ ዞሮ የሚያፈጠው በተሸከመው ሰውዬ ላይ ነው።

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ አምስተኛዋ ወፍ እውነት እንደተናገረች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ አለመሆኔንም አውቃለሁ። አንዋርም ሊሆን አይችልም፤ ያንን በራ ያለ ፊት ሰው አውቆ አያመጣውም። ታዲያ ማናት? ሰኢድ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ዝም ካልኩ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንዋር በገዛ ቃሉ ይባረራል። ዓይኔን ላሸሽ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። የፕላስቲኩ ወንበር ስንገባ ፊቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ነበር። አሁን ወደኔ ነው። የሆጤ ወለል ሁሉ ተዳፋት ነው፣ ወንበር ይንሸራተታል። ይህንን ለራሴ ሁለት ጊዜ አብራራሁለት። በሦስተኛው ቆሜ ተናገርኩ።

"ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሙሄ ገድሏል። መስታወቱ ላይ ግን አልጻፍኩም፣ ሁለት ጊዜም አልተናገርኩም።"

አንድን ሰው ከግዞት ማዳን የሚያስመሰግን መስሏችሁ ከሆነ የወንበሩን አፍቃሪዎች አታውቁም። ዘይነብ መጀመሪያ የጮኸችው ስለ መስታወቱ አይደለም፤ አምስት ክፍል ሙሉ የወደደችውን ሽማግሌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለገደልኩባት ነው። ከዚያ ቀዝቀዝ ብላ፣ ግማሹን አምኖ ግማሹን የሚክድ ተከሳሽ ምን ጊዜም ወንጀለኛው ራሱ ነው ብሎ ያስተማረን ማነው አለችኝ። እኔ ነኝ። በሁለተኛው ክፍል፣ በሰፊው አብራርቻለሁ።

ፍርዱን ሐጂ ሰጡ። አንዋር ይቆያል፤ አንብቦ የሚያስረዳውም እሱ ነው። እኔ ይህ ችሎት እስኪያልቅ ደጅ እቆማለሁ። በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ቀጠሉና፣ እስከዚያው ለማንም፣ ምንም ነገር አታብራራም አሉኝ።

አንዋር ጃኬቱን ይዞልኝ እስከ ደጅ ወጣ። ባትናገር ኖሮ ዛሬ ሐረጎን ወርጄ አልመለስም ነበር አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ ሙሄ መሆኑን ስለነገርከኝ ግን አውፍ አልልህም ብሎ ገባ።

ደጅ ጉሙ ወፍሯል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የለም፤ መንገዱም የለም። ያለው መስኮቱ ብቻ ነው። በላቡ ውስጥ የአራት ሰው ጀርባ ይታየኛል፦ ሰኢድ፣ ዘይነብ፣ በጋራዥ እንግሊዝኛ የሚንገዳገደው አንዋር፣ የኔ ቦታ ላይ የተቀመጡት ሐጂ። አራቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረዋል። ባዶው ወንበር በዚህ በኩል፣ መስታወቱ ሥር ነው።

ከዚያ መስታወቱ ላይ መስመር ወጣ። ከውስጥ። ቀስ ብሎ፣ ጣት እንደሚጽፈው፣ ውሃ ወደታች እያንጠባጠበ። እኔ ከውጭ ስለሆንኩ ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ፤ ያም ሆኖ አነበብኩት። "ክፍል ስድስት" ይላል። ክፍል ስድስት ገና አልወጣም። ይወጣል ብሎ የተናገረም የለም። ከሥሩ ስም ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ፊደል ግማሽ ደረሰ።

ልብ ያለው ሰው ይሮጣል። እምነት ያለው ሰው ቁርኣን ይቀራል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጂንም ይሁን ሟች፣ ማንም ወደፊት አይሄድም፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ አልቀድምም! ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ ስሙ ሳያልቅ ላጠፋው ብዬ በጣቴም በመዳፌም መስታወቱን መፈተግ ያዝኩ። የተጻፈው ከውስጥ መሆኑን ያስታወስኩት በሩ ሲከፈት ነው።

ሰኢድ ነበር። እጄን አየ። ከእጄ ሥር ያለውን ጽሑፍ አየ። ከኋላው ሐጂ ጆሯቸውን አቁመዋል።

"በል እስቲ" አለኝ ሰኢድ፣ "አብራራ።"

በሕይወቴ ሰው አብራራ ብሎኝ አያውቅም ነበር።