ባዶው መኪና ይለፍ

አይ አቤላ፣ «ለውጥ አትወድም» ብለህ የላክልኝን ድምፅ ሁለቴ ሰማሁት፤ ሁለቴም ደሜ ፈላ። የምን ለውጥ? «የጋራ መኪና» ነው ያልከኝ? ጌጃ ሰፈር ተወልዶ መኪና ለብቻው የተሳፈረ ሰው ታውቃለህ እንዴ? እኛ እኮ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን፣ የማናውቀውን ሰው ዘንቢል ታቅፈን ነው ያደግነው። የኔ ሚኒባስ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። አንተ ራስህ ስትቸኩል ስንቴ ሰድበኸኛል!

ስማኝ አሁን። ዛሬ ጠዋት ያ ቢሯችሁ «የጋራ» የሚለው ሾፌር የሌለው መኪና ለሙከራ ሰንጋ ተራ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ የታክሲ ተራችንን ለቀን የምንነሳው ለሱ ቻርጅ ማድረጊያ እንዲተከል ነው አይደል? ባለ ከረባቱ ባለሙያችሁ «ኃይል ይቆጥባል፣ አየር ያጸዳል፣ መጨናነቅ ይቀንሳል» እያለ በማይክ ይጮሃል። ጥሩ። በኤሌክትሪክ መሄዱን እኔም አልጠላሁም፤ የኔ መኪና ጭስ እኔንም ያስለኛል፣ አልክድም።

ግን ባዶውን ነው የሚዞረው! አንዴ አለፈ፣ ሁለቴ አለፈ፣ ሶስቴ። ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ መጨረሻው አይታይም። እትዬ ዘነቡን ታውቃቸው የለ? ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሶስቴ እኔ ነኝ የማደርሳቸው። እጃቸውን ዘረጉለት። ጥሏቸው እልም!

«ልጄ፣ ሰው የለበትም እኮ፣ ምን ያስቸኩለዋል?» አሉት ባለሙያውን።

«እናቴ፣ በስልክ የጠራው ደንበኛ ጋ እየሄደ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ሳር ቤት።»

«እኛ እዚህ ቆመን?»

«እርስዎም አፑን ያውርዱ።»

ቁጥሮቿ የተፋቁ ትንሽ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩት። ሳቀ። ሳቀ ነው የምልህ!

እኔ ጠጋ ብዬ፣ «ባዶውን ሲዞር የሚበላው መብራት ቁጠባው ውስጥ ተቆጥሯል?» አልኩት። «ሲስተሙ ገና እየተማረ ነው» አለኝ። ይምጣ ላስተምረው! ሳትሞላ አትንቀሳቀስ፤ ትምህርቱ ይቺው ናት፣ ግማሽ ቀን አትፈጅም።

በመጨረሻ እትዬን ጋቢና አስቀምጬ፣ ኋላውን ጢም አድርጌ ሞልቼ ልወጣ ስል ቢጫ ሰደርያ የለበሰው አስተናባሪያችሁ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ለምን መሰለህ? ባዶው እንዲያልፍ! እትዬ ሰዓታቸው እየረፈደ፣ ያበጠ እግራቸውን በእጃቸው እያሹ ባዶው ሲያልፍ ያያሉ።

በል አቤላ፣ እዛው ቢሮ ስለሆንክ ይሄን ድምፅ ለአለቃህ ክፈትለት። አንተ ሰውዬ፣ ተራው ይነሳ ብለህ የፈረምከው፣ ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ሲዘረጉ የሚቆምላቸው ማነው?