ሊቀ ዝገት

በየቤተሰቡ አንድ ያልተመረቀ ሐኪም አለ። ጋዋን የለውም፤ ወረፋም አያስጠብቅም፤ እንዲያውም በሽተኛ ፍለጋ ራሱ ይመጣል። የእኛ ቤቱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሙያቸው የብረት በር ሠሪ፣ በቤተሰቡ ማዕረግ ደግሞ «ሊቀ ዝገት»።

ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቆርጡ፣ ሲበይዱ፣ ሲፈትጉ፣ አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል። አንድ ቀን ታዲያ ሬዲዮ ላይ፣ «በሰውነታችን ውስጥ ቁጡ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ሲበዙ አንጀትን ይጎዳሉ» ሲባል ሰሙ።

«ድሮም ብያለሁ!» አሉ። ብለው አያውቁም። «ብረትን የሚያዝገው ማነው? ኦክስጅን! አንጀትስ ምንድን ነው? ቱቦ!»

ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ቃር ዝገት ሆነ። የእናቴ ሆድ መነፋት ዝገት ሆነ። የአማቻቸው ስንፍና እንኳ ምርመራ ተደርጎበት «ውስጡ ዝጓል» ተባለ። ሠርግ ተጠርተው ለሙሽሮቹ ዝገት ይከላከላል ያሉትን እንክብል በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሄዱ።

እኔ አንጀቴ ቆስሎ ደም ማየት ስጀምር፣ ድንጋጤያቸውን ከድል አድራጊነታቸው መለየት ቸገረኝ። የእንክብል ብልቃጥ ደረደሩልኝ።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ፣ የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ተዪው። እሱ ላይ ላዩን ይቀባል እንጂ ዝገቱን አይፍቅም!»

«ጋሼ፣ ልጄ በር አይደለችም!» አለች እናቴ።

«በር ብትሆንማ እስካሁን ቀብቼ አስረክቤያት ነበር!»

ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ ወላውሏል። ቁስሉ በመድኃኒት ካልሻረ አንጀቴ ተቆርጦ ሊወጣ እንደሚችል ሐኪሜ ነግራኛለች፤ ደሙ ደግሞ አልቆመም። ከፍርሃቴ የተነሣ የሐኪሟንም የእሳቸውንም ለመስማት ተዘጋጅቼ ሊቀ ዝገትን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ነበረች። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው፤ መጨረስ ደግሞ ልማዳቸው አይደለም።

«አባቴ፣ እነዚህን ቅንጣቶች የአንጀት ግድግዳ ራሱ ያመርታቸዋል» አለች። «በልካቸው ሲሆኑ ተሕዋስያን አልፈው እንዳይገቡ ይከላከላሉ፤ ቁስል እንዲጠግግም ያግዛሉ። ጥፋቱ ሲበዙ ነው፤ ያኔ የገዛ ሥጋን ያቃጥላሉ። ጨርሰው ይጥፉ ቢባልም ጉዳት ነው። እንክብሉ መድኃኒቷን አይተካም።»

ለካ ሆዴ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ዘበኛ ቆሞልኝ ኖሯል! አሁን ነው ዱላውን በቤቱ ልጆች ላይ ያዞረው።

ሊቀ ዝገት ጣሪያውን አዩ፤ ወለሉን አዩ።

«ብየዳ ነው በይኛ! እሳቱ ከሌለ አይያያዝም፤ ከበዛ ብረቱን ይበሳል። ድሮም ብያለሁ!»

በማግሥቱ ያደሏቸውን እንክብሎች ከቤት ቤት እየዞሩ ለቀሙ። የሙሽሮቹን ሳይቀር። መድኃኒቴን መዋጥ አለመዋጤንም በየቀኑ እየደወሉ ይጠይቁ ጀመር፤ «ዋጥሽ?» ይላሉ፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ወራት አለፉ። ደሙ ቆመ፤ ቁስሉ መሻሩን ግን አንጀት ውስጥ በሚገባ ካሜራ ማየት ያስፈልግ ነበር። በዋዜማው ምግብ የለም፤ አንጀት የሚያጥብ መጠጥ ብቻ ነው። መልኩ ንጹሕ ውሃ፣ ምግባሩ ጎርፍ። ያን ቀን ሊቀ ዝገት ጠፉ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። ዲስኩራቸው የናፈቀኝ የመጀመሪያ ቀን ነበርና ተቀየምኳቸው።

ጠዋት ሐኪም ቤት መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ከምርመራው በኋላ ሐኪሟ እናቴን ጨምሮ ሦስታችንንም አስገባችን።

«ቁስሉ ሽሯል» አለች። «የሚቆረጥ ነገር የለም።»

እናቴ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሊቀ ዝገት እንደ ተማሪ ጣታቸውን አወጡ።

«ዶክተር፣ ያንን መጠጥ የጠጣ ሰው አሁን መብላት ይችላል?»

«ትችላለች፤ ቀለል ያለ ነገር ትብላ።»

«እሷን አይደለም።» ጫማቸውን አዩ። «ብቻዋን አትሠቃይ ብዬ፣ ትናንት እኔም ጠጥቼ ነበር።»