ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነጥብ እና ሦስት አንደኞች

የኢትዮጵያውያን ወላጆች ማኅበር የምርቃት ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ሜይ 30 ቀን 2026
ቦታ፦ ስዊድን፣ ሃሉንዳ፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ያለው የነዋሪዎች አዳራሽ፤ እስከ 17፡00 ብቻ የተፈቀደ
ሰዓት፦ ለ14፡00 ተጠርቶ 14፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ ይገዙ፣ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የተመራቂ ቤኪ አባት
2. ወ/ሮ ሙሉወርቅ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ የተመራቂ ሄኒ እናት
3. ወ/ሮ የሻሽወርቅ፣ አባል፤ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ፣ የተመራቂ ርሆቦት እናት
4. ጥበቡ፣ ጸሐፊ፤ የቅመማ ቅመም ነጋዴ፣ ልጅ የሌለው፣ ስለዚህም ገለልተኛ የተባለ

ያልተገኙ፦ አቶ ሽፈራው፣ የተመራቂ ሳሌም አባት፤ ከኡፕላንድስ ቬስቢ የሚነሳው ባቡር ተቋርጦባቸው በስልክ የገቡ። ሌሎች ሁለት አባላት እንደ ልማዳቸው ያለ ምክንያት።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አራት ስለተገኙ ሞልቷል። ሰብሳቢው በስልክ የገባ ሰው እንደማይቆጠርና አንድ ሰው ከወጣ ስብሰባው እንደሚፈርስ አስጠንቅቀው በሩን ራሳቸው ዘጉ።

አጀንዳ አንድ፦ የተመራቂዎችን ደረጃ ስለማውጣት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የስዊድን ጂምናዚየም፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ልጅን ሦስት ዓመት አስተምሮ ሲያበቃ ስንተኛ እንደወጣ አይጽፍም። እሳቸው በተማሩበት ዘመን ካርዱ ላይ “ከ72 ተማሪ 4ኛ” ተብሎ በማኅተም ይረጋገጥ እንደነበር አስታውሰው፣ መንግሥት የተወውን ሥራ ኮሚቴው እንዲሠራ ጠየቁ። ደረጃ ከሌለ በምርቃቱ በዓል መድረክ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚጠራ አይታወቅም።

መመዘኛውንም ራሳቸው አቀረቡ። በምስክር ወረቀቱ ግርጌ ድምር ነጥብ አለ፤ የቤኪ ድምር 2,500 ነው። “ከሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ! ልጄ አንዲት ነጥብ አልጣለም” ብለዋል። ይህንኑ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን መናገራቸውንም ገለጹ።

ወ/ሮ ሙሉወርቅ የሄኒም 2,500 እንደሆነ አሳወቁ። አቶ ሽፈራው በስልክ የሳሌምም ያው መሆኑን ጮኹ። ሰብሳቢው በስልክ የመጣ አንደኛ ሊመዘገብ እንደማይገባ ቢከራከሩም አቶ ሽፈራው የወረቀቱን ፎቶ ላኩ።

ሦስቱን ለመለየት በአማርኛ የማንበብ ፈተና እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ። የሦስቱም ወላጆች በአንድ ድምፅ ተቃወሙት። ስብሰባው በሙሉ ድምፅ የተስማማበት ጉዳይ ይህ ብቻ ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስት አንደኛ እንዲኖር፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እንዳይኖር ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ርሆቦትን ስለሚመለከት

ሰብሳቢው የርሆቦት ድምር 2,400 እንደሆነና ፊዚክስ ሁለት ላይ ኤፍ እንዳለባት አነበቡ። ኤፍ ያለበት ወድቋል፤ የወደቀ መድረክ ላይ አይጠራም፤ አዳራሽ መጥቶ መብላት ግን ይችላል አሉ።

ወ/ሮ የሻሽወርቅ ልጃቸው ትምህርቷን መጨረሷን፣ ነጩን የተመራቂ ቆብ መግዛቷን፣ ስሟ ሲጠራ ለማየት ስድስት የሥራ ባልደረቦቻቸው ተረኝነት መቀያየራቸውን ተናገሩ። “ስሟ ሳይጠራ እዚያ አዳራሽ ምን ብዬ ልቀመጥ?” ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ተነሡ።

ሰብሳቢው ደንግጠው “እባክዎ እህቴ፣ ቁጭ ይበሉ። እርስዎ ከሄዱ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል፤ ልጅዎን ማስቀረት አንችልም” አሏቸው።

“እንግዲያው ተቀምጬ ስታስቀሯት ልያችሁ” ብለው ተቀመጡ።

በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ርሆቦት ከመድረክ እንድትቀር ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ ሁለቱም ወገኖች ደንበኞቹ ናቸው።

አጀንዳ ሦስት፦ የምስክር ወረቀቱን ለበዓሉ መጽሔት ስለማስተርጎም

በሦስት ቤት ያለው ወረቀት እስከ ዛሬ ከግርጌው ድምር በቀር በማንም እንዳልተነበበ ታወቀ። ለትርጉም የተጠራችው ልጅ ከ14፡00 ጀምሮ ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ ነበር። እሷም ርሆቦት ናት። በሩ ስስ ነው።

“ነይ የኔ ልጅ፣ ስዊድንኛሽ ከሁሉም ይሻላልና” ብለው ሰብሳቢው የቤኪን ወረቀት ለናሙና ሰጧት።

ርሆቦት ግማሹን በስዊድንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዳች። ነጥቡ ውጤት አይደለም፤ የኮርሱ ትልቅነት ነው። አንዱ ኮርስ ሃምሳ፣ ሌላው መቶ ነው፤ የተወደቀበት ኮርስ ካልተቀነሰ ሦስቱ ዓመት ሲደመር ለሁሉም ተማሪ 2,500 ይመጣል። ውጤቱ ከጎን ያለው ፊደል ነው፤ ኤ ከሁሉ በላይ፣ ኢ ማለፊያ፣ ኤፍ መውደቂያ።

ወ/ሮ ሙሉወርቅ እንዳልገባቸው ሲናገሩ ጸሐፊው ሳይጠየቅ ጣልቃ ገባ። ነጥቡ የከረጢቱ ክብደት ነው፤ በርበሬው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግርዎት ፊደሉ ነው። ሃምሳ ኪሎ ገለባም ሃምሳ ኪሎ ነው።

“ያም ሆኖ ይቺ ወድቃለች” አሉ ሰብሳቢው።

“ፊዚክስ ሁለት ከበደኝ ጋሼ። ሌላ ምክንያት የለኝም” አለች ርሆቦት። ቀጥላም ለመመረቅ 2,250 ነጥብ ማለፍ እንደሚበቃ፣ ስዊድንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማጠቃለያው ሥራ ግን የግድ መታለፍ እንዳለባቸው፣ እሷም እነዚህን ሁሉ እንዳለፈች ገለጸች። “ተመርቄያለሁ። ኮሪደር ላይ ሆኜም ተመርቄያለሁ።”

ሰብሳቢው ወደ ትርጉሙ እንድትመለስ አዘዟት። እሷም የቤኪን ፊደሎች ከላይ ጀምራ አነበበች፦ “ኢ። ኢ። ኢ። ኢ።” ወደ ሁለተኛው ገጽ ስትገለብጥ ሰብሳቢው ናሙናው በቂ ነው አሉ።

ርሆቦትም ቤኪ አንድም ኮርስ እንዳልወደቀ፣ ከአራቱ ሥራ ያገኘው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ በነሐሴ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት እንደሚጀምር ተናገረች። ሰብሳቢው ስለ ሥራው ከማንም አልሰሙም ነበር።

ወ/ሮ ሙሉወርቅ በፊደሉ መሠረት እንዲሰላ ወተወቱ። ኤ ሃያ፣ ኢ አሥር፣ ኤፍ ዜሮ ሆኖ እንደ ኮርሱ ነጥብ ተባዝቶ ተካፈለ። ርሆቦት ኤፏ ተቆጥሮባትም አሥራ ስምንት ከግማሽ፣ ሳሌም አሥራ ስድስት፣ ሄኒ አሥራ አራት፣ ቤኪ አሥር።

 አቶ ሽፈራው በስልክ “መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?” ሲሉ ጠየቁ።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ልጅን ከልጅ ማበላለጥ የሕፃናትን ሥነ ልቦና እንደሚጎዳ፣ በሠለጠነ አገርም ነውር እንደሆነ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ሲያምኑበት እንደነበር ተናገሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማለትም በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ የሚከተለው ተወሰነ።

ሀ. ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። አንደኛ የለም፤ የሚቀርም ተመራቂ የለም።

ለ. ተመራቂዎች በስማቸው የፊደል ተራ ይጠራሉ። ጸሐፊው ተራውን ሄኒ፣ ርሆቦት፣ ሳሌም፣ ቤኪ ብሎ ሲያነብ ሰብሳቢው የምንኖረው ስዊድን መሆኑን አስገነዘቡ። በስዊድን ፊደል ተራ ቤኪ መጀመሪያ ሆነ። ተቃውሞ አልቀረበም፤ ሰዓቱ 16፡50 ነበር።

ሐ. ይህ ቃለ ጉባኤ ከማኅበሩ መዝገብ ይወገዳል። ጸሐፊው ገጾቹን ቀዶ አስረከበ። ከሱቁ ያለ ግልባጭ ወረቀት ወጥቶ ስለማያውቅ ግን ይኸው በዕለት ማስታወሻው ሰፍሯል።

ገጾቹ ከመቀደዳቸው በፊት ወ/ሮ የሻሽወርቅ በጥሪው ተራ ላይ የልጃቸው ስም ያለበት መስመር እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበ። እንደገና ጠየቁ፤ ተነበበ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁም፤ ጸሐፊው ግን አነበበው።

ስብሰባው 16፡57 ላይ፣ የአዳራሹ ማንቂያ ሊጮህ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ተበተነ።