ጾም ናፋቂው ሙሴ

ጾም የሚናፍቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ያውም ፈረንጅ። ሐረር ከእኔ ጋር ያስተምር የነበረ ፈረንሳዊ ነው፤ በቋንቋው "አቶ" ለማለት ሙሴ እንለው ነበር። ከአገሩ ከወጣ ወዲህ የናፈቀው እናቱን ሳይሆን አይብ ነው። ፈረስ መጋላ ሱቆች የሚሸጠው የቆርቆሮ አይብ ደሞዙን ቢበላበት፣ ኤረር በር ገበያ ወርዶ የገጠር ሴቶች በቅጠል ጠቅልለው የሚያመጡትን ይገዛ ጀመር። እዚያም ታላቅ ምስጢር ደረሰበት፤ እኛ ክርስቲያኖቹ ጾም ስንገባ ገዢው ይመናመናል፣ አይቡም ይረክሳል።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችንን ቄሱን መግቢያ መውጫ አሳጣቸው። "አባ፣ ሁዳዴ መቼ ይገባል? ትንሽ ሊረዝም አይችልም?" ይላቸዋል። እሳቸውም እንዲህ ያለ ጿሚ አይተው አያውቁምና፣ ባገኙን ቁጥር "ከፈረንጁ ተማሩ" ይሉናል። እኔ በሽሮ መንምኜ እገሠጻለሁ፤ እሱ አንገቱ እስኪጠፋ ወፈረ። "ጸጋ ነው" አሉ አባ።

የፋሲካ ዕለት አገር ሁሉ ሲደሰት ሙሴ ብቻ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። አባ ሐዘኑ ገብቷቸው ጠጋ አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"አይዞህ ልጄ፤ የሐዋርያት ጾም ቅርብ ነው።"